ግብር ፍለጋ የወጣችው ባለቤቴ

«ግብር» የሚለው ቃል ጎንደር ላይ ብዙ ዘመን ኖሯል። በነገሥታቱ ጊዜ ግብር ይበላ ነበር። አዳራሹ ተከፍቶ፣ ጠጁ ተቀድቶ፣ ሹሙም ወታደሩም በየማዕረጉ ይቀመጥ ነበር ይባላል። ዛሬ ደግሞ ግብር ይከፈላል። ቃሉ ያው ነው፤ የተለወጠው ወደ አፍ መሄዱ ቀርቶ ከኪስ መውጣቱ ነው። «ያኔም ቢሆን አንዱ የበላውን ሌላው ከጎተራው ገብሮ ያመጣው ነበር፤ ምን አዲስ ነገር አለ?» ብሎ የሚከራከረኝ አይጠፋም። አልከራከረውም፤ እውነቱን ነው።

ግብር የሚሸሽ ሰው ማንንም አይገርምም። ተቆጣጣሪ መጣ ሲባል ሱቁን ቆልፎ ለቅሶ የሚሄድ ነጋዴ እናንተም ታውቃላችሁ፤ ሟቹ ማን እንደሆነ ግን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶ አያውቅም። እንዲህ ያለውን ሰው ሌባ አንለውም። ብልጥ ነው እንላለን። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ያሉት አባቶቻችን፣ ንጉሥ አይሸሽ አላሉምና። እንግዲህ ይህ ሁሉ ባለበት አገር አንዲት ሴት ጠዋት ተነሥታ፣ ሻሿን አስተካክላ፣ «ግብር ልክፈል» ብላ ከቤቷ ብትወጣ ምን ይባላል? አሟት ይሆን ይባላል።

ያቺ ሴት ባለቤቴ ዘሃራ ናት። ደግሞም ደህና ነበረች።

እኔ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ስለ ግብር ምንም አላውቅም ነበር፤ የእኔ ግብር ደመወዜ እጄ ሳይገባ ስለሚቆረጥ አይቼው አላውቅም። የማላየውን ነገር ደግሞ አልመረምርም። አባቴ ግን ነጋዴ ናቸው። ሰፈሩ «ሐጂ» ይላቸዋል፤ ቅዳሜ ገበያ ውስጥ ጨው፣ በርበሬና ቅመም የሚሸጡባት ሱቅ አለቻቸው፤ ከእሳቸው በፊት አባታቸው፣ ከአባታቸው በፊት አያታቸው በንግድ የኖሩ ናቸው። ከዚያ ሁሉ ነጋዴ መካከል እንዴት የካርታ መምህር እንደወጣ አባቴ አሁንም ይገርማቸዋል። እኔና ዘሃራ የምንኖረው እሳቸው በሰጡን ቤት ውስጥ ነው።

ዘሃራ ንግድ የጀመረችው ሳታስበው ነው። ፌስቡክ በየስልካችን እየገባ በነበረበት ሰሞን፣ አዲስ ዓለም ሰፈር ያሉት ሸማኔ አያ እንድሪስ የሠሩልንን ጋቢ አጥባ ግቢያችን ውስጥ ገመድ ላይ አሰጣችው። ፀሐይዋ ወደ ማዘቅዘቁ ነበረችና ነጩ ጋቢ ወርቅ መሰለ። ፎቶ አንሥታ ለጠፈችው። አዲስ አበባ ያለች፣ የማናውቃት ሴት «ይህ ጋቢ ይሸጣል?» ብላ ጻፈች። ዘሃራ ስልኳን ይዛ ወደ እኔ ዞረችና «ይሸጣል እንዴ?» አለችኝ። ለክረምቱ ልሸፈንበት ያሰብኩት ጋቢ በዚያው ሄደ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ እያደገ መጣ። ፈትሉን ከእንፍራንዝ ገበያ ከሴቶች ትገዛለች፤ አያ እንድሪስ ይሠሩታል፤ ጫፉን እሷና ጎረቤቶቿ ግቢያችን ውስጥ ቁጭ ብለው ይቋጩታል። ፎቶው ይለጠፋል፣ ገዢው ገንዘቡን በባንክ ይልካል፣ ጋቢው ተጠቅልሎ በአውቶቡስ ይሄዳል። ባሕር ዳር፣ አዲስ አበባ፣ ጅማ። ጅማ የት እንዳለች ካርታ ላይ የማሳየው እኔ ነኝ፤ ጅማ ውስጥ የሚያውቁት ግን እሷን ነው።

አባቴ ይህን ንግድ ንግድ አይሉትም ነበር። «ሱቅ የሌለው ነጋዴ ምኑን ነጋዴ ሆነ?» ይላሉ። «ገዢው የተጣላ እንደሆነ የት መጥቶ ይጣላል?»

እንዲህ እያልን ሳለን ነው ሆቴሉ የመጣው። ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር የሚከፈት አዲስ ሆቴል ነው። ሥራ አስኪያጁ የዘሃራን ገጽ አይቶ ለየአልጋው አንድ አንድ ጋቢ እፈልጋለሁ አለ። ዘሃራ ያን ዕለት እቤት ውስጥ ስትራመድ እግሯ መሬት አይነካም ነበር። ወዲያው ፈትል ገዛች። አያ እንድሪስም የሰርግ ሥራ ይዘው የመጡ ሰዎችን «ዘንድሮ እጄ አይመችም» ብለው መለሱ። ሰርገኛ የመለሰ ሸማኔ ሁለተኛ ላይፈለግ ይችላል፤ ይህን እያወቁ ነው የመለሱት።

ድሩ ተዘርግቶ ሥራው ከተጀመረ በኋላ የሆቴሉ የሒሳብ ሹም ደወለ። ትሑት ሰው ነበር።

«እህቴ፣ ደረሰኝና ቲን ቁጥር አለሽ አይደል?»

«ቲን ምንድን ነው?»

«የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ነው። ከሌለሽ ሕጉ ከክፍያሽ ከመቶ ሠላሳውን ይዘህ ለመንግሥት አስገባ ይለኛል። ካለሽ የምይዘው ከመቶ ሁለት ብቻ ነው።»

ዘሃራ ስልኩን ዘግታ በረንዳው ላይ ተቀመጠች። ከመቶ ሠላሳ ሄደ ማለት ትርፉ ብቻ ሳይሆን የፈትሉ ዋጋም፣ የአያ እንድሪስ ድካምም ተነካ ማለት ነው። ሥራውን አፍርሶ መተው ደግሞ አይቻልም፤ ቃል ወጥቷል። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ ይባላል፤ ለእኛ ድስቱ ከተጣደ ቆይቷል።

አርብ ከጁምዓ በኋላ ምሳ የምንበላው አባቴ ዘንድ ነው። ጭንቀቷን ነገረቻቸው። አባቴ ጉርሻቸውን ሳያቋርጡ ሰሟትና ሳቁ።

«ይህ ነው ያስጨነቀሽ? የእኔ ደረሰኝ አለ አይደል? በእኔ ስም ቁረጪላቸው። ቲን ካሉም የእኔ ቲን ቲን ነው።»

እኔ «ሸጋ!» ልል አፌን ስከፍት ዘሃራ ቀደመችኝ።

«አላህ ይስጥልኝ አባባ። ግን የእርስዎ ደረሰኝ የጨውና የበርበሬ ነው።»

«ጨውም ነጭ ነው፣ ጋቢም ነጭ ነው።»

«ሥራው የእኔ ነው አባባ። በስሜ ልግባበት።»

አባቴ ቀና ብለው አዩአት። አማት የሰጠውን ምራት ስትመልስ በእኛ ቤት ታይቶ አይታወቅም። ማዕዱ ሳይነሣ እጃቸውን ታጠቡ። «እንግዲያው በስምሽ ግቢበት» አሉና ወደ ጓዳ ሄዱ።

ወደ ቤት ስንመለስ መንገድ ላይ ተቆጣሁ፤ ማለቴ ለመቆጣት ሞከርኩ። «ምነው ዘሃራ? እጅሽ ላይ የወደቀውን መፍትሔ ትመልሺዋለሽ?»

«ነገ ሌላ ሆቴል ቢመጣስ?» አለች፣ እርምጃዋን ሳታቀዘቅዝ። «ከነገ ወዲያስ? ዕድሜዬን ሙሉ በአባትህ ጨው ስም ጋቢ ስሸጥ ልኖር ነው? ነገሩ ቢመረመር ደግሞ የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው። በሽምግልናቸው ለእኔ ጋቢ ቢሮ ለቢሮ ይንከራተቱልኝ?»

ትዳራችን የቆየው እኔ በጊዜው ዝም ማለት ስለምችል ነው።

ሰኞ ጠዋት አብረን ወደ ገቢዎች ሄድን። በመስኮቱ በኩል የተቀመጠው ሠራተኛ ወረቀት አወጣና ብዕሩን አዘጋጀ።

«የንግድ ቦታሽ የት ነው?»

«ስልኬ ላይ።»

«ስልክ ነው የምትሸጪው?»

«አይ፣ ጋቢ ነው።»

«ጋቢውን የት ነው የምትሸጪው?»

«ስልኬ ላይ።»

ሰውየው ብዕሩን አስቀመጠ። አጠገቡ ያለውን ባልደረባውን ጠራው። ዘሃራ ገጿን ከፍታ አሳየቻቸው። ሌላም መጣ። ሦስት የመንግሥት ሠራተኞች በአንዲት ስልክ ላይ አጎንብሰው የሚስቴን ሱቅ ጎበኙ፤ አንደኛው የኩታ ዋጋ ጠየቀ። ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ወረቀቱ የሚጠይቀው የሱቅ ቤት ቁጥር ነው፤ የእሷ ሱቅ ደግሞ ቤት የለውም። በመጨረሻ እንዲህ ተባለ፤ የመኖሪያ ቤቷን የንግድ አድራሻ ማድረግ ትችላለች፣ ነገር ግን የቤቱ ባለቤት ቀበሌ ቀርቦ መፍቀዱን መፈረም አለበት።

የቤቱ ባለቤት ማን እንደሆነ አልረሳችሁም። ከሦስት ቀን በፊት እጃቸውን ታጥበው የተነሡት ሰውዬ ናቸው።

«እሱን ይዘሽ እስክትመጪ አሻራሽን እንውሰድ» አለ ሠራተኛው። ጣቷን መሣሪያው ላይ አሳረፈች። መሣሪያው አላነበበም። ጠረገችው፣ አሁንም አላነበበም። ፈትል ሲቋጭ የኖረ ጣት ቆዳው ይላጋል፤ የሌላው ሰው ጣት ላይ ያለው መስመር የእሷ ላይ ጠፍቷል። ሁሉም ጣት ተሞከረ፤ ሁሉም እምቢ አለ።

«ሱቅም የለሽ፣ አሻራም የለሽ» አለ ሰውየው፣ እንደ መሳቅም እንደ ማዘንም እያደረገው። «ምን ይሻላል?»

«ጋቢ ግን አለኝ» አለች ዘሃራ። «እመለሳለሁ።»

ጣቷ እስኪያገግም ፈትል እንዳትነካ፣ ቫዝሊን እየተቀባች እንድትቆይ ተነገራት። ታዲያ ጋቢውን ማን ይቋጭ? እነሆ፣ የክፍል ተማሪዎቼ ሳያዩኝ ግቢ ውስጥ ከሴቶች መካከል ተቀምጬ ጋቢ ስቋጭ ሰነበትኩ። ጎረቤታችን ወይዘሮ ከድጃ የቋጨሁትን እያዩ «አዬ መምህር፣ ይህማ አባይ ነው፣ እንዴት ይጠማዘዛል!» ይሉኛል። የፈታሁት ከቋጨሁት ይበልጣል። ያን ጊዜ ነው ሚስቴ ለዓመታት ምን ስትሠራ እንደኖረች በጣቴ የገባኝ፤ በዓይኔማ ዘወትር አየው ነበር።

አባቴ ሱቅ የሄደችው ብቻዋን ነው። ልከተላት ስነሣ «አንተ ጋቢህን ቋጭ» አለችኝ። የሆነውን ኋላ ከሁለቱም ለየብቻ ሰምቻለሁ፤ የሁለቱም ቃል አንድ ነው።

«አባባ፣ ፊርማዎን ልለምን መጣሁ» አለቻቸው።

«ደረሰኜ ያልሆነሽ ፊርማዬ ሊሆንሽ ነው?»

ዘሃራ ጆንያው ላይ ተቀመጠች። «እርስዎ ይህን ሱቅ ሲከፍቱ አባትዎ ሱቅ አልነበራቸውም?»

«ነበራቸው እንጂ። እዚያ ማዶ፣ ጥጉ ላይ።»

«ታዲያ ምነው በእሳቸው ስም መነገዱን ተዉት?»

አባቴ ሚዛናቸውን ማጽዳት ጀመሩ። ሚዛኑ ንጹሕ ነበር። ብዙ ካጸዱት በኋላ «እስቲ ያንን ሱቅሽን አሳዪኝ» አሏት።

ስልኳን ከፈተች። ጽሑፉ ስለረቀቀባቸው እሷ አነበበችላቸው። ጅማ ያለች አንዲት ሴት የጻፈችው ነበር። «ጋቢው ደረሰኝ። እናቴ ከሆስፒታል ስትወጣ እሱን አልብሼ ነው ቤት ያስገባኋት። እጅሽ ይባረክ» ይላል።

«ይቺ የማን ልጅ ናት?»

«አላውቃትም አባባ።»

«ገንዘቡን ጋቢው ሲደርሳት ላከች?»

«ቀድማ ነው የላከችው።»

«ሳታውቅሽ?»

«ሳታውቀኝ።»

«አባትሽን፣ ሰፈርሽን ሳትጠይቅ?»

«አልጠየቀችም። ፎቶውን አየች፣ ሌሎች የጻፉትን አነበበች፣ ላከች።»

አባቴ ሚዛኑን አስቀመጡ። «እኔ እዚህ ገበያ ስገባ» አሉ ቀስ ብለው፣ «የማን ልጅ ነህ ሳይለኝ አንዲት ቁና ጨው በዱቤ የሰጠኝ ሰው አልነበረም። ያውም የአባቴ ሱቅ ከፊቴ ቆሞ እያዩት።» ከዚያ ተነሡ፣ ቆባቸውን አስተካከሉ፣ ገዢ ደጃፉ ላይ ቆሞ ሳለ ሱቃቸውን ዘግተው ከምራታቸው ጋር ቀበሌ ሄዱ። ሰውን ሁሉ ያስገረመው ይህ ነው፤ ሐጂ ለሶላት ካልሆነ በቀር በቀን ሱቃቸውን የዘጉበት ጊዜ አይታወስም።

ቀበሌ ውስጥ ጸሐፊዋ «ሐጂ፣ በስንት ነው የሚያከራዩአት?» ብላ ጠየቀች።

«ከምራቴ ምን ኪራይ እወስዳለሁ? በዓመት አንድ ጋቢ ትሰጠኛለች።»

«እንግዲያው ጋቢው ኪራይ ነው ተብሎ የኪራይ ግብር ይመጣብዎታል።»

አባቴ ለአፍታም አላመነቱም። «በነፃ ብለሽ ጻፊ።»

ፊርማው ተገኘ። ጣቷም ዳነ፤ በሁለተኛው ሙከራ መሣሪያው አሻራዋን ሲያነብ ያ መስኮቱ ላይ ያለው ሠራተኛ ከእሷ በላይ ደስ ብሎት አጨበጨበ። ቀጥሎ ንግድ ቦታውን የምታይ ባለሙያ ወደ ቤታችን ተላከች። ጠና ያለች፣ ንግግሯ የተመጠነ ሴት ናት። ክፍሉን አየች፣ የተደራረበውን ጋቢ አየች።

«በቀን ስንት ገዢ ይገባል?»

«ወደ ቤት የሚገባ ገዢ የለም» አለች ዘሃራ።

«ግቢው ውስጥ የተቀመጡትስ?»

«እነሱ የሚቋጩልኝ ጎረቤቶቼ ናቸው። ያ ጥጉ ላይ ያለው ባሌ ነው።»

ሴትየዋ የቋጨሁትን ጫፍ አይታ ምንም አላለችም። ለዚህ ደግነቷ አሁንም አመሰግናታለሁ። ከዚያ ዘሃራን አጠገቧ አስቀምጣ፣ ከዚያ ቀን በፊት ማንም ያልነገራትን ነገር ነገረቻት።

«ስሚኝማ እህቴ። ሁለት ነገር አለ፣ አትቀላቅያቸው። አንደኛው ካተረፍሽው ላይ በዓመት የምትከፍይው ነው፤ እሱ የራስሽ ግብር ነው። ሁለተኛው በጋቢው ዋጋ ላይ ከመቶ ሁለት ጨምረሽ ከገዢው የምትቀበይው ነው። ተርን ኦቨር ታክስ ይሉታል። እሱ ያንቺ አይደለም። ገዢው ለመንግሥት በአንቺ እጅ የላከው ነው፤ በየሦስት ወሩ እያመጣሽ ታስገቢያለሽ። ከበላሽው የሰው አደራ በላሽ ማለት ነው።»

«ገዢዬ ጅማ ብትሆንስ? ጅማ ልልከው ነው?»

«ገዢሽ የትም ትሁን። ሻጯ እዚህ ናት፤ የምታስገቢው እዚህ ነው።»

«ሽያጬ ቢያድግስ?»

«በጣም ካደገ ቫት ትገቢያለሽ። ያኔ ከመቶ አሥራ አምስት ይሆናል፣ ሒሳብ አያያዙም ይከብዳል። መጀመሪያ ይደግልሽ።»

ዘሃራ ፊቷ ፈካ። ግብር ሲብራራለት ደስ የሚለው ሰው ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ነገር ግን በዚህ አላበቃችም። «እስከ ዛሬ የሸጥኩትስ?» ብላ ጀመረች። የተኛ ነብር መቀስቀስ ማለት ይኼ ነው። በጠረጴዛው ሥር እግሯን ረገጥ አደረግሁት።

«እግሬን ምን አድርጌህ ትረግጠኛለህ?» አለች፣ ጮክ ብላ።

ባለሙያዋ ሳቋን መቆጣጠር አልቻለችም። የቀድሞውም ሽያጭ ተጠይቆ፣ ተደምሮ ታየ፤ ትርፉ ትንሽ ስለነበር ለግብር የሚበቃ ሆኖ አልተገኘም።

በዚህ ሁሉ መካከል ሆቴሉ የሚከፈትበት ቀን እየደረሰ ነበር። ደረሰኙ ተፈቅዶ እስኪታተም ጊዜ ወሰደ። አንድ ቀን አያ እንድሪስ ቤት ስንሄድ፣ የሽመና ጉድጓዳቸው ውስጥ እንደተቀመጡ መወርወሪያቸውን ይዘው ጠየቋት።

«ልጄ፣ ሰዎች ነገሩ አይሳካም ይላሉ። ላቁመው ወይስ ልቀጥል? እውነቱን ንገሪኝ። አልቀየምሽም።»

የዘሃራን ፊት ሳይ እሷም እንደምትፈራ ያን ጊዜ አወቅሁ። ከዚያ ጎንበስ ብላ ያለቀውን ጋቢ ዳሰሰችው።

«ይቀጥሉ አያ እንድሪስ። ሆቴሉ ቢቀር እንኳ አንድ በአንድ እሸጠዋለሁ። የእርስዎ ድካም በእኔ ላይ ነው።»

አያ እንድሪስ መወርወሪያውን ወረወሩ።

ደረሰኙ የታተመው ሆቴሉ ሊከፈት ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። ጋቢውን አውቶቡስ ላይ ጭነን ሁለታችንም ሄድን። ማክሰኝት ላይ አውቶቡሱ ቆሞ ሰው ሲወርድ ሲወጣ፣ እንፍራንዝ ላይ ፈትል የሚሸጡላት ሴቶች በመስኮት ሲያዩአት «ዘሃራ! ተሳካ?» ብለው ሲጮሁ፣ እሷ የደረሰኙን ጥራዝ እንደ ሕፃን ታቅፋ ነበር። ባሕር ዳር ደርሰን የሒሳብ ሹሙ ፊት ተቀምጣ የመጀመሪያዋን ደረሰኝ ገለጠች። ዋጋውን ጻፈች፣ ከሥሩ ከመቶ ሁለቱን ጨመረች፣ ደመረች፣ ፈረመች። ሰውየው ከፈላት፤ በሕጉ መሠረት የሚይዘውን ከመቶ ሁለት ይዞ መያዙን የሚገልጽ ወረቀት ሰጣት።

«ታዲያ ሁለት ሰጥቶ ሁለት ወሰደ። ተቻቻሉ ማለት ነው» አልኩ እኔ።

«አልተቻቻሉም» አለች። «የተቀበልኩት አደራ ነው። የተያዘው የራሴ ነው። አንተ ደብተርህን አርም።»

ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ንግዱ አማረ ብላችሁ እንዳትጠብቁ። ዘሃራ በዋጋዋ ላይ ከመቶ ሁለቱን ጨምራ፣ ምክንያቱንም ገጿ ላይ ጽፋ ለጠፈች። አንዳንዱ «ጎበዝ» አላት። ብዙው ግን በውስጥ መስመር አንድ ጥያቄ ጠየቃት፤ «ያለ ደረሰኝ ስንት ነው?» መልሷ ለሁሉም አንድ ነበር፤ «ያው ነው።» ወዲያው ደግሞ አንድ አዲስ ገጽ ብቅ አለ። ከእሷ ባነሰ ዋጋ ጋቢ ይሸጣል፤ የለጠፈውም ፎቶ የእሷው የራሷ ፎቶ ነው። እንዴት አወቃችሁ ብትሉኝ፣ ገመዱ ጥግ ላይ የተሰጣው ሱሪ የእኔ ነው።

ያን ቀን ዘሃራ አለቀሰች። «ሕጉን የጠበቅኩ እኔ ውድ ሆንኩ፣ ሱሪህን የሰረቀ ርካሽ ሆነ» አለችኝ። እውነቷን ነበር። ደንበኞቿ ቀነሱ። ወይዘሮ ከድጃም «ተይው በቃ፣ እንደ ሌላው ሁኚ» ብለው መከሯት። እሷ ግን በማግሥቱ ተነሥታ ፈትል ልትገዛ እንፍራንዝ ሄደች። በየሦስት ወሩም አደራዋን እየቆጠረች ታስገባለች። ከሄዱት ደንበኞች የተመለሱ አሉ፤ ያልተመለሱም አሉ። ሁለት የባሕር ዳር ሆቴሎች ግን ደረሰኝ እንዳላት ሰምተው መጡ፤ ያለ ደረሰኝ መግዛት አይችሉማ።

ሐምሌ ገባ። ሐምሌ የጎንደር ዝናብ ከላይ፣ ግብር ከታች የሚመጣበት ወር ነው። ዘሃራ የዓመቱን ግብሯን ልትከፍል ገንዘብ ቋጥራ ወጣች፤ አባቴም በዚያው ቀን የእሳቸውን ሊከፍሉ ወጡ። ሦስታችንም ጃንጥላ ይዘን ሰልፍ ቆምን፤ ዘሃራ ፊት፣ አባቴ ከኋላዋ፣ እኔ ማንም የማይፈልገኝ ከዳር። አባቴ እንደ ልማዳቸው ለሚያደርጉት ክርክር ድምፃቸውን እየጠረጉ ነበር።

መስኮቱ ላይ ያ ሰውዬ ነው። የዘሃራን ወረቀቶች ተቀብሎ ደመረ። ቀነሰ። እንደገና ደመረ።

«የምትከፍይው የለም» አላት።

«እንዴት የለም? ገንዘቡን ይዤ መጥቻለሁ።»

«ሆቴሎቹ ከክፍያሽ ላይ ይዘው ያስገቡት አለ። እሱ ያንቺ የዓመት ግብር ቀብድ ነው። ሲታሰብ ግብርሽን ሸፍኖ ተርፏል።»

«የተረፈውስ?»

«ለሚመጣው ዓመት ይተላለፍልሻል።»

ከኋላ አባቴ ዝናቡ እየጮኸባቸው አልሰሙም። «ምን አለ? ምን አለሽ? ጨመረብሽ?»

«አይ አባባ። መንግሥት የእኔ ዕዳ አለበት ነው የሚለው።»

አባቴ ጃንጥላቸውን አጠፉ። በዝናብ ውስጥ ጃንጥላቸውን አጥፈው ወደ መስኮቱ ተጠጉና ሰውየው እንዲደግመው ጠየቁት። ደገመላቸው። ከዚያ የራሳቸውን ግብር፣ አንዲት ቃል ሳይከራከሩ ከፈሉ። ሰውየው ራሱ ደነገጠ፤ የክርክሩን መልስ አዘጋጅቶ ነበርና።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ገበያ ውስጥ ወሬው ሌላ ነው። አባቴ ጨው ሊገዛ ለመጣ ሁሉ ይነግሩታል። «ከአያቴ ጀምሮ ስንገብር ኖረናል፤ መንግሥት የእኛ ዕዳ ኖሮበት አያውቅም። አሁን ግን ምራቴ ታበድረዋለች» ይላሉ። ሰዉም ይደነቃል። አንዳንዱ ግን ነጋዴ ነውና «ሐጂ፣ ስንት ይሆናል ዕዳው?» ብሎ ይጠይቃል።

ዕዳው አንዲት ነጠላ ለመቋጨት የሚበቃ ፈትል ቢገዛ ነው። እኔ አውቃለሁ፤ አባቴም ያውቃሉ።

አባቴ በርበሬውን ሚዛን ላይ እየጨመሩ፣ ዓይናቸውን ሳያነሡ ይመልሳሉ።

«ዕዳ ዕዳ ነው። የመንግሥት ገመና አይጠየቅም።»